ቅድሚያ በእጅ፦ «ሲስተም የለም» ለሚባልበት አገር የሚሆን ሶፍትዌር

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ጉዳይ ይዞ መስኮት ላይ የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማት መልስ አንዲት ናት፤ «ሲስተም የለም»። ሠራተኛው ወንበሩ ላይ አለ፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ባለጉዳዩ መታወቂያውን አውጥቶ ቆሟል። የሚፈለገውም መረጃ የዚያው ወረዳ ሰው መረጃ ነው። የጠፋው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካለው ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው መስመር ብቻ ነው። ከማንኩሳ በሚኒባስ፣ ከዚያም ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሸኛል። ነገም መስመሩ ላይኖር ይችላል።

እንጀራዬ ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ የቴክኖሎጂ ዜና አያመልጠኝም። አብዛኛው ወሬ ስለ ግዙፍ የመረጃ ማዕከልና ስለ ግዙፍ ሞዴል ነው። ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሰዎች ከዚያ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው የምለው ሐሳብ ግን ወደ ዜና ብዙም አይወጣም። በእንግሊዝኛ «ሎካል ፈርስት» ይባላል። ስያሜው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 «ኢንክ ኤንድ ስዊች» የተባለ የምርምር ቡድን ባወጣው ጽሑፍ ነው፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ በተከፋፈሉ የመረጃ ሥርዓቶች ላይ በጻፈው መጽሐፍ ብዙ ፕሮግራመር የሚያውቀው ማርቲን ክሌፕማን ነው። ክላውድ ቢኖርም የመረጃው ባለቤት ተጠቃሚው ይሁን የሚል ነው ሙግታቸው።

በአማርኛ «ቅድሚያ በእጅ» ብንለው ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ቅድሚያ በእጅ የሆነ ሶፍትዌር ዋናውን መዝገብ የሚይዘው ሠራተኛው በእጁ በያዘው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ነው። መመዝገብ፣ መፈለግ፣ ማረም፣ ማተም ሁሉ እዚያው ያልቃል። ሰርቨሩ መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል፣ ስልኮችን እርስ በርስ ያገናኛል፣ ለዞንና ለክልል ሪፖርት ያሰባስባል። እሱ ቢጠፋ ሪፖርት ይዘገያል እንጂ ሥራ አይቆምም። ስልኮቻችን ላይ የለመድነው «ከመስመር ውጭ» የሚለው ቃል ለዚህ አይበቃም፤ መስመር መጥፋቱን ብቻ ይናገራል፣ መዝገቡ የት እንዳለና የማን እንደሆነ አይናገርም። «አካባቢያዊ» ብንልም ሰው ወረዳና ቀበሌን ነው የሚያስበው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰርቨር ሳያገኝ የማይከፈት ፕሮግራም ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የተዘጋ በር ሆኖ ነው የቀረው። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ኔትወርክ በሌለበት የማይሠራ የመዝገብ ፕሮግራም ለዚህ አገር ተሠርቶ አላለቀም እላለሁ።

መሣሪያው ደግሞ የጠፋ አይደለም። በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ የመረጃ ቋት አለ። እሱን የጻፈው አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ፣ ለአገሩ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ የሚሆን ፕሮግራም ሲሠራ የገጠመው ችግር የእኛው ነበር። መርከቡ ላይ ያለው የመረጃ ቋት ሰርቨር ሲወድቅ ፕሮግራሙ «መገናኘት አልቻልኩም» ብሎ ይቀመጣል፤ ተወቃሹም ሰርቨሩ ሳይሆን ስህተቱን በመስኮቱ ያሳየው ፕሮግራም ነው። ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰርቨር የማይፈልግ፣ በአንድ ፋይል የሚያድር የመረጃ ቋት ሠራና ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ዛሬ ርካሽ በሆነው ስልክ ውስጥም አለ። የአንድ ወረዳ ሙሉ የገበሬ መዝገብ ያለ ችግር ይይዛል።

አስቸጋሪው መመዝገቡ ሳይሆን ተለያይተው የሠሩ ሁለት ስልኮች ሲገናኙ የሚሆነው ነው። በምሳሌ ላሳይ። ወሩ ሰኔ ነው፤ በአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ 40 ኩንታል ዩሪያ አለ። ግማሹ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ማከፋፈያ ተወስዷል፣ ሂሳቡ ግን አንድ ነው። ጠዋት ሁለቱም ስልክ ላይ 40 ይነበባል። መጋዘኑ በር ላይ ያለው ሠራተኛ 3 ኩንታል ሰጠና ስልኩ 37 አለ። ከወንዝ ማዶ ያለችው 5 ሰጠችና የእሷ ስልክ 35 አለ። ማታ ኔትወርክ መጥቶ ሁለቱ ሲገናኙ የቱ ይጽና? ብዙ ፕሮግራም «መጨረሻ የደረሰው ይጸናል» ይልና አንዱን ይሰርዛል። ወይ 3 ኩንታል ወይ 5 ኩንታል ማንም ሳይሰርቀው ከመዝገብ ይጠፋል፤ በቆጠራ ጊዜ የሚጠየቀው ደግሞ ምስኪኑ ንብረት ያዥ ነው።

መፍትሔው ቀሪውን ትቶ ድርጊቱን መመዝገብ ነው። አንዱ ስልክ «3 ወጣ» ብሎ ይጻፍ፣ ሌላው «5 ወጣ» ይበል። ሲገናኙ ሁለቱም ድርጊቶች በሁለቱም ስልኮች ላይ ይሰፍራሉ፤ ቀሪው ከእነሱ ይሰላል፤ የትኛውም ቀድሞ ቢደርስ መልሱ 32 ነው። የመንግሥት ንብረት ክፍል ሠራተኞች ይህን ከፕሮግራመር ቀድመው ያውቁታል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ ደረሰኙ አይሰረዝም፣ ቀሪው የሚገኘው ከደረሰኞቹ ነው። ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐሳቡን በሒሳብ አጽንተው፣ በምን ዓይነት ቅርጽ የተያዘ መረጃ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢገናኝ አንድ መልስ ላይ እንደሚደርስ አሳዩ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሲአርዲቲ» ነው፤ «ራሱን የሚያስታርቅ መረጃ» ልንለው እንችላለን። ማስታረቅ የሚለውን የወሰድኩት ከሂሳብ ሠራተኞች ነው፤ የባንክ መግለጫን ከራሳቸው መዝገብ ጋር ሲያመሳክሩ የሚሉት እንደዚያ ነው፣ ሥራውም ያው ነው።

ሁሉም ነገር ግን በመደመርና በመቀነስ አይታረቅም። የአንድን ገበሬ ስልክ ቁጥር ሁለት ሠራተኞች በሁለት ቦታ ለየብቻ ቢያርሙት፣ ጥሩ ፕሮግራም ሁለቱንም ይዞ ሰው ይጠይቃል። በሰዓት ይወሰን እንዳንል ሰዓቱ ራሱ አይታመንም። መብራት ለቀናት ሲጠፋ ባትሪው ባዶ ሆኖ የሰነበተ ርካሽ ስልክ ሲነሣ ቀኑን ስቶ ሊገኝ ይችላል፤ የኋለኛው መዝገብ የፊተኛው ይመስላል። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ያመጣው ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ተራ ቁጥር ይቆጥራል፣ ከሌላ መልእክት ሲደርሰው ከሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ያለውን ይዞ ይቀጥላል፤ በዚህም ሌላውን አይቶ የተጻፈ ድርጊት፣ የግድግዳ ሰዓት ሳይጠየቅ፣ ምንጊዜም ካየው ድርጊት ከፍ ያለ ቁጥር ይይዛል።

ከዚያ የፊደላችን ጉዳይ አለ፤ ይህን የውጭ ጽሑፍ አይነግረንም። አንዱ ሠራተኛ «ዓለሙ» ብሎ የመዘገበውን ሌላዋ «አለሙ» ትለዋለች፤ «ኃይሌ» በአንዱ ስልክ «ሀይሌ» ነው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንዲሁ። ስልኮቹ ሲገናኙ አንድ ገበሬ ሁለት ሰው ሆኖ ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ይቆጠርለታል። ፕሮግራሙ ሲያመሳክር ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን፣ ሰ እና ሠን፣ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ማየት አለበት፤ ሲያሳይ ግን ባለቤቱ ስሙን እንደጻፈው ይተወው። ስም ብቻውን መለያ እንዳይሆን፣ መዝገቡ ሲከፈት ስልኩ ራሱ ከሌላ ስልክ ጋር የማይገጥም ረጅም ቁጥር አውጥቶ ይስጠው፤ ተራ ቁጥር ከሰርቨር የሚጠብቅ ፕሮግራም ቅድሚያ በእጅ ሊባል አይችልም።

ክብደቱም ይታሰብ። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ሲይዝ የላቲኑ አንድ ይበቃዋል። ዳታ ጠፍቶ በአጭር የስልክ መልእክት ልላክ ቢባል በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው መልእክት በእኛ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ መላክ ያለበት ከባለፈው ግንኙነት ወዲህ የተለወጠው ብቻ ነው። ሙሉ መዝገቡን በየምሽቱ የሚልክ ፕሮግራም በደካማ መስመር ላይ ጨርሶ አያልፍም።

በአገራችን ለዚህ ሐሳብ ቅርብ የሆነው ትልቅ ሥራ የጤና ኤክስቴንሽን ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያዎች፣ ለ5,000 ያህል ሕዝብ፣ በሚል ስሌት ነበር። መዝገባቸው የቤተሰብ ፎልደር ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የወረቀት አቃፊ። ጤና ሚኒስቴር ይህን ወደ ታብሌት ሲያዛውር ኢቺስ የተባለውን ፕሮግራም ያስገነባው ኮምኬር በሚባል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። ባለሙያዋ ከቤት ቤት ስትዞር የነፍሰ ጡሯን ክትትልና የሕፃኑን ክትባት ያለ ኔትወርክ መመዝገብ ትችላለች፤ መስመር ስታገኝ ትልካለች። ጥብቅ በሆነው ትርጉም ይህ ሙሉ ቅድሚያ በእጅ አይደለም፤ የመጨረሻው ዋና መዝገብ አሁንም ሰርቨሩ ላይ ነው። ቢሆንም መነሻው ትክክል ነው። የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌርም የምዝገባ መሣሪያው ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በኋላ እንዲልክ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህን የመሰለ ሥራ መንግሥታዊ ለሆነ ፕሮግራም ሁሉ መመዘኛ ቢሆን እወዳለሁ።

የገንዘብ ነገር ግን ይለያል። በ*127# የሚደወለው የቴሌብር አገልግሎት ዳታ አይፈልግም፤ የስልክ ሲግናል ግን የግድ ነው፣ ምክንያቱም ቀሪ ሂሳብን የሚያውቅ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ መኖር አለበት። ያንኑ 1,000 ብር በሁለት ቦታ ማውጣት የሚቻል ከሆነ ማታ ማስታረቅ የጠፋውን ገንዘብ አይመልስም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ይታወሳል፤ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ችለው ነበር። የመቆጣጠሪያው መዝገብ ለሰዓታት ሲዘናጋ እንኳ የሚደርሰው ይህን ያህል ነው። እንግዲህ ቅድሚያ በእጅ የሚስማማው ለመዝገብ፣ ለምዝገባ፣ ለቆጠራ፣ ለሕክምና ክትትልና ለትምህርት ነው።

መዝገብ በእጅ ሲሆን አደጋውም በእጅ ነው። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወሰዳል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። በግጭት ውስጥ ባለ አካባቢ የሰዎች የጤና መረጃ ያለበት ታብሌት ማን እጅ እንደሚገባ ማሰብ የባለሙያው ግዴታ ነው። ከአንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ በኋላ ከመጣ ስሪት ጋር የሚወጡ አዳዲስ ስልኮች ማከማቻቸው እንዲመሰጠር ግዴታ ተደርጓል፤ የማያ መቆለፊያ ካልተደረገ ግን ምስጠራው ብዙም አይጠብቅም። አንዲት ባለሙያ የራሷን ቀበሌ መዝገብ ብቻ እንድትይዝ፣ የወረዳውን ሁሉ እንዳትሸከም፣ ከጅምሩ መታቀድ አለበት።

ኢንዱስትሪው ለምን በዚህ መንገድ አልሄደም ለሚል ሰው መልሴ የገቢው ጉዳይ ነው የሚል ነው። መረጃህ በሻጩ ሰርቨር ላይ ካደረ በየወሩ ትከፍላለህ፤ መክፈል ስታቆም መዝገብህን ታጣለህ። ፕሮግራመሮች ግን ለራሳችን ሥራ የመረጥነው ሌላውን ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ሙሉ የሥራ ታሪክን በእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲሰነብት እንኳ ኮድ እየጻፍን ታሪኩን እንመዘግባለን። ለራሳችን የማንቀበለውን ጥገኝነት ለጤና ኬላና ለኅብረት ሥራ ማኅበር መስጠታችን ልክ አይመስለኝም። መስመር በተትረፈረፈበት አገርም ጥገኝነቱ አያዋጣም፤ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የአማዞን ክላውድ በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው ማዕከሉ ሲታወክ በዓለም ዙሪያ ብዙ መተግበሪያዎች አብረው ቆመዋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዜና ውስጥም ዓይኔ የሚያርፈው ስልክ ላይ በሚሠሩት ላይ ነው፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ጄማ 3ኤን ትንሹ ዓይነቱ በ2 ጊጋባይት ያህል ሜሞሪ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ዩኒየን ወይም ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ለመግዛት ጨረታ ሲያወጣ አቅራቢውን እንዲህ ይፈትነው። ሁለት ስልክ ይቅረብ፣ ሁለቱም ፍላይት ሞድ ላይ ይደረጉ። ፕሮግራሙ ጠፍቶ እንደገና ይከፈት። በሁለቱም ላይ አዲስ ገበሬ ይመዝገብ፣ ከአንዱ ዕቃ ላይም ከሁለቱም ስልክ ወጪ ይቆረጥ። የአንዱ ስልክ ቀን በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ይመለስ። ከዚያ መስመር ይከፈትና ሁለቱ ስልኮች አንድ ዓይነት ቀሪ ማሳየታቸው ይታይ። በመጨረሻ አቅራቢው ሳይጠራ ሙሉ መዝገቡ በኤክሴል ወደሚከፈት ፋይል መውጣቱ ይረጋገጥ፤ ይህ የመጨረሻው በውሉ ውስጥ በአንቀጽ ይግባ።