«ትርፍ አምራች» የመባል ዕዳ

መጋቢት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀናት ተዘጉ። በአማራ ክልል ሁለት ሰዎች በኮሮና ቫይረስ መያዛቸው በተሰማ ማግሥት መሆኑ ነው። ውድ አንባቢያን ልብ በሉልኝ፤ ከአራቱ ከተሞች ሦስቱ የአዊ ናቸው።

በዚያ ሰሞን ከእንጅባራ ወጣ ብለው የሚኖሩት አጎቴ በመስኖ ያለሙትን ድንች ቆፍረው ከደጃፋቸው ከምረውት ነበር። ገዥው ግን አልመጣም። ስደውልላቸው፣ «ከሰል ቢሆን ይቆይልኝ ነበር፤ ድንች ግን ቀን አይጠብቅም» አሉኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም በሬዲዮ የሰሙትን ይዘው ጠየቁኝ፦ «መንግሥት ለነጋዴው ግብር ማረለት ይባላል። ለእኛስ ምን አለን፣ ልጄ?»

የታሪክ መምህር ነኝና ጥያቄያቸው ወደ ኋላ መራኝ።

የሰሙት ወሬ እውነት ነበር። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ እንዲሰረዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ዕዳም ወለድና መቀጫ እንዲነሣ ወስኗል። ከዚያ ቀደም ብሎ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አዘጋጅቷል። እርምጃው ተገቢ ነበር። ነገር ግን የግብር ምሕረት የሚጠቅመው ዕዳ ላለበት፣ የባንክ ገንዘብም ከባንክ ለሚበደር ነው። አነስተኛዋን የመሬት መጠቀሚያ ከፍሎ የሚያድረው ገበሬ ከሁለቱም ውጭ ነው።

ለገበሬው የግብር ምሕረት የተደረገበትም ዘመን አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴም ሊነጠቅ ነው» ብሎ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አመፀ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ያ ምሕረት የተገኘው በደም ነው።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ የጎጃም ምርታማነት ራሱ ዕዳ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበያ በታች በተተመነ ዋጋ በኮታ እህል ሲሰበስብ ጎጃም ከአርሲና ከሸዋ ጋር ዋና ምንጩ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ደግሞ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት ወዳለባቸው ወረዳዎች ያነጣጠረ ነው። ለዋግ ኽምራና ለወሎ ገበሬ የተደረገውን ማንም ሊነቅፍ አይገባም። ሆኖም መርሐ ግብሩ የተሠራው ሁልጊዜ ለሚቸገር እንጂ በአንድ መጥፎ ወር ምርቱ ለተበላሸበት አይደለም። የአዊ ገበሬ ደግሞ «ትርፍ አምራች» ነው! ሲወሰድ መዝገቡ ላይ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ሲሰጥ ግን ከመዝገቡ ውጭ።

በዚያው ሚያዝያ የአሜሪካ መንግሥት ገበያ ለዘጋባቸው ገበሬዎች 16 ቢሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፈል መድቦ ነበር። ክፍያው በምርት መጠን ስለተሰላ ብዙውን የወሰደው ትልቁ እርሻ ነው፤ ስለዚህ ፍጹም ምሳሌ አላደርገውም። እኛም እንዲህ ያለ ካዝና የለንም። ልንወስደው የምንችለው ግን አንድ ሐሳብ አለ፤ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ብሎ መንገድ ሲዘጋ የተበላሸውን ምርት መመዝገብ ይችላል። የዚያን ዓመት የመሬት መጠቀሚያ መተውም ካዝና አያራቁትም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ሳስረዳቸው በዝምታ አዳመጡኝ። ከዚያም፣ «እንግዲያው ትርፍ አምራች ያለን ማን ነው? ትርፉንስ ማን አየው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። እናንተ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።

ቸር ያቆየን።