የደንጌ ትኩሳትና የሆድ ሕመም፦ ቀዶ ሐኪም መታገሥን የተማረበት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1780 በፊላደልፊያ ከተማ ብዙ ሰው በትኩሳትና በብርቱ የአጥንት ቁርጥማት ተያዘ። ዶክተር ቤንጃሚን ራሽ ያዩትን በ1789 በጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ሕዝቡ በሽታውን «አጥንት ሰባሪ ትኩሳት» ይለው እንደነበር መዝግበዋል። ከዚያም በኋላ ኤደስ በተባለች ትንኝ የሚተላለፈው ይህ በሽታ፣ የደንጌ ትኩሳት፣ በአመዛኙ የሚያሠቃይ እንጂ የማይገድል፣ ቀዶ ሐኪምንም የማይመለከት ተደርጎ ለረጅም ዘመን ተቆጥሯል።

ይህን አመለካከት የለወጠው የደቡብ ምሥራቅ እስያ መከራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በማኒላ፣ በ1958 ደግሞ በባንኮክ፣ በርካታ ሕፃናት ደም በመፍሰስና የደም ዝውውር በመውደቅ ለሞት ተዳረጉ። ቀጥሎ የተደረጉት ጥናቶች ዋናው አደጋ የደም መፍሰሱ ብቻ ሳይሆን ፕላዝማ ከቀጫጭን የደም ሥሮች ሾልኮ መውጣቱ መሆኑን አስረዱ።

የቀዶ ሐኪሙም ፈተና የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ፕላዝማው በሆድ ዕቃ ውስጥ ሲጠራቀምና የሐሞት ከረጢትን ግድግዳ ሲያወፍር፣ ሕመምተኛው ቀኝ ጎኑን ይዞ ያቃስታል፤ አልትራሳውንዱም ጠጠር የሌለበት የሐሞት ከረጢት ብግነት ያሳያል። በሌላው ሕመምተኛ ላይ ደግሞ በሽታው የትርፍ አንጀት ሕመምን ይመስላል። ፕላትሌት ባሽቆለቆለበት ሰዓት ቢላ ማንሣት ግን ሊገታ የማይችል መድማትን መጋበዝ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ የሆድ ሕመም ፈሳሽ በጥንቃቄ እየተሰጠ፣ በቅርብ ክትትል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይበርዳል።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ቸልተኝነት አይደለም። ከስንት አንዴ ጣፊያ ይፈነዳል፤ የሐሞት ከረጢትም ይበሳል። በነዚህ ጊዜያት መዘግየት ራሱ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ብርቱ የሆድ ሕመምን ከአስጊ ምልክቶች አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሐኪምም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ የተከሰተው ወረርሽኝ የደንጌ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋግጧል። ስለዚህ በቆላማ ከተሞቻችን ትኩሳትና የሆድ ሕመም ይዞት የመጣን ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከማስገባት በፊት ሁለት ጥያቄዎች ሊቀድሙ ይገባል፦ ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ፕላትሌቱስ ስንት ነው?