ባቡሩና ገበታው፤ ስለ ድሬዳዋ አመጋገብና ስለ ዘመን ሕመሞች

ከዕፅዋት የሚገኝ ምግብ ሥር ከሰደዱ ሕመሞች እንደሚጠብቅ የዘመናችን ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ። በብዙ አገር ይህ ምክር እንደ አዲስ ነገር ይሰማል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሥጋና ቅቤ ለአብዛኛው ገበሬ የበዓል እንጂ የዘወትር ምግብ ሆነው አያውቁም። ገበታችን ከጥንት የእህልና የጥራጥሬ ከሆነ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት በከተሞቻችን ስለ ምን በዙ? ይህን ጥያቄ በተወለድሁባት ከተማ በድሬዳዋ ታሪክ ለመመርመር እሞክራለሁ። ጥያቄው ለእኔ የመጻሕፍት ቤት ጥያቄ ብቻ አለመሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) ከተራራው ግርጌ ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ፤ ከተማይቱም በዚያው ተቈረቈረች። የመጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ከዚራ በቀጥተኛ መንገዶቹ፣ ከወንዙ ወዲያ መጋላ በገበያውና በጠባብ ሰፈሮቹ አደጉ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐማራውና ጉራጌው፣ ከባሕር ማዶም ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱም የየራሱን ድስት ይዞ መጣ።

በእነዚህ ድስቶች ውስጥ የነበረው በአብዛኛው የምድር ፍሬ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ እንጀራም ገንፎም ይሆናል። ዐረቡ ፉልን አስለመደ፤ ሐረሪው አብሽ መትቶ ከመረቅ ጋር ያቀርባል፤ ከባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ከሐረማያ በኩል በደንገጎ ቍልቍለት ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ሰላጣ ይወርዳል። የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ደግሞ የሁዳዴን 55 ቀን፣ የነቢያትን ጾም፣ የፍልሰታን 15 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ሲደምር በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቍላል ይታቀባል፤ አጥብቀው ለሚጾሙት ካህናትና መነኰሳት ቍጥሩ እስከ 250 ይደርሳል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባና ሱፍ የጾሙ ጓዶች ናቸው።

በምሥራቅ አፍሪካ ለብዙ ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ዴኒስ በርኪትና ሂው ትሮዌል፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዚህ ዓይነት ገበታ ላይ ትኩረት አደረጉ። በገጠር አፍሪካ የስኳር በሽታ፣ የልብ ሕመምና የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ጥቂት መሆኑን አይተው፣ ምክንያቱ ገለባው ያልወጣለት እህል ነው አሉ። በእርግጥም አሠሩ ያልተገፈፈ እህልና ጥራጥሬ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ የደም ስኳርን በድንገት አያሽቅብም፤ ሆድንም ቶሎ ያጠግባል። ነገር ግን ታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። የጥንቱ ሰው በወባና በተስቦ በለጋ ዕድሜው ይሞት ነበር፤ የደም ግፊቱንም የለካለት አልነበረም። ስለዚህ ያለፈውን ዘመን የጤና ገነት አድርጎ መሣል አይገባም።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ሐዲዱ ቡናና ቆዳ ወደ ወደብ ሲያወርድ፣ ሲመለስ ሩዝ፣ ስኳርና ሌላም ሸቀጥ ያመጣ ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር የአገር ውስጥ ምርት ሆነ። ፓስታና መኮሮኒ ከእንጀራው ጎን ቦታ ያዙ። ፉርኖ ዱቄት ለሰው፣ ፉርሽካው ለከብት ሆነ፤ ከሁለቱ የተሻለው ለማን እንደ ደረሰ አንባቢ ይፍረድ። በኋላም ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት መጣ፤ ከዚህ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚያበዛ የረጋ ስብ ነው። ሳምቡሳው፣ ፈጢራው፣ የጾም ወጡ ሁሉ በዘይት ተጥለቀለቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስኳር ከአገዳ ነው፣ ፉርኖ ከስንዴ፣ ዘይቱ ከዘንባባ፣ ጫቱም ቅጠል ነው። አንዱም ከእንስሳ አልመጣም፤ አንዱም ጾም አያስፈታም። ሕመሙ የገባው ሥጋ በዝቶ ሳይሆን ተክሉ ራሱ ተገፍፎ፣ ነጥሮና ጣፍጦ ስለ መጣ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። በሥራ ዘመናቸው ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያነሡ ይውሉ እንደ ነበር ያጫውቱናል፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ጡረተኛ ነበሩ። የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከባድ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላ ካለ በርጫ አለ፤ በርጫ ካለም ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። ጫት ራሱ የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል። አባቴ ጾም አፍርሰው ስለማያውቁ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሲነገራቸው አላመኑም፤ «እኔ ሽሮ የምበላ ሰው!» አሉ። አንድ ቀን ከአጠገባቸው ተቀምጬ ቈጠርሁ፤ አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ። አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ 50 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ይህ ለአንድ ሰው የቀኑ የመጨረሻ ወሰን ነው፤ ቢቻል ግማሹ ይሻላል ይላል። አባቴ ግን ወሰኑን ከእራት በፊት ጨርሰውት ነበር።

በዚያው በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት የአባቴ ነገር የእርሳቸው ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ከመቶ ጐልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የአንድ ሰው የቀን ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ነበረ፤ የሚመከረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ከመቶ ከ97 የሚበልጡት አትክልትና ፍራፍሬ በበቂ መጠን አለመብላታቸው ነው። ይህ የሆነው ግማሹን ዓመት ሕዝቧ በሚጾምባት አገር ነው! እህሉ አለ፣ ወጡ አለ፤ ጎመኑና ብርቱካኑ ግን በዋጋ ምክንያት ከብዙው ቤት ይርቃል። ለድሬዳዋ አትክልት የሚያበቅለው የሐረማያ መሬት ብዙ ክፍል ለጫት ውሏል፤ ሐይቁም በመስኖ፣ ለከተሞች በሚሳብ ውሃና በደለል ምክንያት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ደርቆ ነበር፤ ውሃው ተመልሶ መታየት የጀመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ገበሬው ጫትን የመረጠው ገንዘቡ ስለሚበልጥ ነውና በእርሱ ላይ መፍረድ አይቻለኝም።

አባቴ አሁን ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ እናቴም የማሽላ እንጀራ መጋገር ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት በከዚራ ዛፎች ሥር እስከ ጣቢያው ተራምደው ይመለሳሉ። ጫቱን በሳምንት ወደ አንድ ቀን አወረዱት እንጂ አልተዉትም።