18,000 ፓውንድ፦ የአንድ ቁጥር ታሪክ



የአገራችንን የአስፋልት መንገድ ንድፍ መመሪያ የገለጠ ሰው «መደበኛ አክስል» የሚል መለኪያ ያገኛል፤ ክብደቱም 8.16 ቶን ነው። ለምን ድፍን 8 እንዳልሆነ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ምክንያቱ ቁጥሩ በፓውንድ መወለዱ ነው፤ 18,000 ፓውንድ። ታሪኩን ለማግኘት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል።

በዚያ አገር የጭነት መኪና ክብደትን መገደብ የጀመሩት ግዛቶች ናቸው፤ ሜይንና ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1913 ቀደሙ። የግዛቶቹ የመንገድ ኃላፊዎች ማኅበር በ1946 ለአንድ አክስል 18,000 ፓውንድ እንዲበቃ መከረ። ኮንግረሱም የአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናዎችን ሕግ በ1956 ሲያወጣ ይህንኑ ተቀበለ፤ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ደግሞ በ73,280 ፓውንድ ወሰነ። ከግንባታው ወጪ 90 በመቶውን የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ነበረ መንገዱ ቶሎ እንዳይፈርስበት መስጋቱ አይደንቅም። ይሁን እንጂ ቀድሞ ከዚህ በላይ ይፈቅዱ የነበሩ ግዛቶች ልማዳቸው ተጠበቀላቸው። ሕጉ ገና ሲወለድ ድርድር አለበት።

ማስረጃው የመጣው ከሕጉ በኋላ ነው። ከ1958 እስከ 1960 በኢሊኖይ ግዛት፣ በኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ ወታደሮች የጭነት መኪኖችን ለሙከራ በተሠሩ ጎዳናዎች ላይ ሲያመላልሱ ከረሙ። በየመንገዱ ክፍል 1,114,000 ያህል አክስል አለፈ። ውጤቱ ዛሬም ያስደነግጣል፤ የአክስሉ ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። ተመራማሪዎቹ ጉዳቱን የለኩት በ18,000 ፓውንድ አክስል ነበር፤ በብዙ ግዛቶች የተፈቀደው ጣሪያ እርሱ ነበርና። በድርድር የተገኘ ቁጥር እንዲህ አድርጎ የሳይንስ መለኪያ ሆነ።

ኮንግረሱ ይህን እያወቀ በ1974ቱ ሕግ ገደቡን ወደ 20,000፣ ጠቅላላውን ወደ 80,000 ፓውንድ ከፍ አደረገ። የነዳጅ ቀውስ ነበር፤ ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ተወስኖ የጭነት ባለሀብቶች አማርረዋል። በኢሊኖዩ ስሌት ግን ይህ ጭማሪ የአንዱን አክስል ጉዳት በግማሽ ያህል ያሳድገዋል። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ፈቃዶች በጥቂት በጥቂቱ የመጡ ናቸው፦ ዋናው ሞተር ጠፍቶ ሳለ ጋቢናውን ለሚያሞቅ ረዳት ሞተር በ2005 400 ፓውንድ፣ በ2012 ወደ 550 ያደገ፤ በኋላም በጋዝና በባትሪ ለሚሠሩ መኪኖች 2,000 ፓውንድ። ዓላማቸው ጭስን መቀነስ ስለሆነ አልነቅፋቸውም፤ አስፋልቱ ግን የክብደቱን ምክንያት አይጠይቅም።

አሜሪካ ውስጥ ተሳቢ የሚነዳ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የነገረኝን ላስታውስ። ጠቅላላ ክብደቱ ከ80,000 በታች ሆኖ ሳለ ጭነቱ ወደ ፊት ስለተደራረበ ብቻ በሚዛን ጣቢያ ሊቀጣ ይችላል። መኪናውን አቁሞ የተሳቢውን የኋላ አክስሎች ያንሸራትትና እንደገና ይመዘናል። ከእኔ የሁለት ሰዓት ትምህርት ይልቅ የአክስልን ነገር ያስረዳው ያ ሚዛን መሆኑን ሲነግረኝ ሳቅሁ።

ወደ እኛ ልመለስ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ሥራውን ያደራጁት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ዛሬ መመሪያችን ከያዘው 8.16 ቶን ጋር የጉዳቱን ዕድገት ከአሜሪካኑ ጠበቅ አድርጎ በ4.5 ኃይል ያሰላዋል። እስቲ አብረን እናስላ። ባለንብረቱ የሚከፈለው በኩንታል ነው እንበል። 10 ቶን በሚሸከም አክስል ላይ 13 ቶን ቢጭን ክብደቱ በ30 በመቶ ይጨምራል፤ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ከሦስት እጥፍ ያልፋል። የኪራዩ ትርፍ በዚያው ሳምንት ኪሱ ይገባል። የጥገናው ሒሳብ ከዓመታት በኋላ በሌላ በጀት፣ ምናልባትም ያን መንገድ ረግጦት በማያውቅ ግብር ከፋይ ስም ይመጣል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።