የደም ላባ

«የደም ላባ» ሲባል ቀይ ላባ ማለት አይደለም። በቀቀን አሮጌ ላባውን ጥሎ በምትኩ የሚያበቅለው፣ ገና አድጎ ያልጨረሰ፣ በአገዳው ውስጥ ደም የሚመላለስበት ላባ ነው። ሥሩ ጠቆር ስለሚል ይለያል። ካደገ በኋላ ደሙ ይሸሻል፤ አገዳው ነጣ ብሎ ባዶ ይሆናል፤ ያኔ ቢቆረጥም አይደማም።

የደም ላባ ቤት ውስጥ ተሰብሮ ከደማ ወፉን በፎጣ ጠቅለል ማድረግ ነው፤ ደረቱን ግን መጫን አይገባም፤ የሚተነፍሰው ደረቱን እያንቀሳቀሰ ነውና። የተሰበረው ጫፍ ላይ የበቆሎ ስታርች ነስንሶ በንጹሕ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ ይረዳል። መንቀል የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ትልልቆቹ የክንፍ ላባዎች ሥራቸው ከአጥንት ጋር የተያያዘ ነው። ደሙ አልቆም ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም።