ምቱን የሚሰጠው ማነው? ስለ ቴሌኮም አውታር ሰዓት



በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው የስልክ ሽቦ የጋራ ሰዓት አላስፈለገውም፤ በሽቦው የሚሄደው የድምፁ ሞገድ ራሱ ነበርና። ዲጂታል ስልክ ግን ድምፅን በሰከንድ 8000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጣል። ላኪው ከተቀባዩ ጥቂት ቢፈጥን ማቆያው ሞልቶ የተወሰነ መረጃ ይጣላል፤ ቢዘገይ ደግሞ የተላከው ይደገማል። ይህን መንሸራተት እንለዋለን።

ለረጅም ዓመታት ከውጭው ዓለም ጋር ያገናኘንን የሱሉልታ ሳተላይት ጣቢያ እናስብ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ይምሰል እንጂ በየዕለቱ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ርቀቱ ሲለዋወጥ የዲጂታል መልእክቱ መድረሻም ይለዋወጣል። ይህን የሚችል ሰፊ ማቆያ ያስፈልጋል። አገሮችም የየራሳቸውን አውራ ሰዓት ይይዛሉ። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለአውራ ሰዓት የሚፈቅደው ስሕተት ከ100 ቢሊዮን አንድ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዓቶች ለየብቻ ቢቆጥሩ መንሸራተት የሚያጋጥመው ቢበዛ በ70 ቀን አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

አንድ መሣሪያ ምቱን ከሦስት ምንጮች ያገኛል፦ በአጠገቡ ካለ የሲዝየም ወይም የጂፒኤስ ሰዓት፣ ከሚገባው መስመር፣ ሁለቱም ሲጠፉ ከገዛ ክሪስታሉ። የኤስዲኤች መሣሪያ በክሪስታሉ ብቻ ሲቀር የሚፈቀድለት ስሕተት ከሚሊዮን 4.6 ነው። በዚህ ልክ ቢስት መንሸራተቱ በ27 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይሆናል።

አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች በአንድ የፋይበር ቀለበት አገናኘናቸው እንበል። አውራው ሰዓት አዲስ አበባ ነው፤ ምቱ በሱሉልታ ገብቶ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ገላን ይደርሳል፤ ፋይበሩም ከገላን ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የአዲስ አበባና የሱሉልታ ፋይበር ቢቆረጥ ሱሉልታ ፊቱን ወደ ቡራዩ ያዞራል። ቡራዩ ግን ምቱን የሚወስደው ከሱሉልታ ነው! ሁለቱ እርስ በርስ እየተከተሉ፣ ጤነኛ መስለው፣ ከእውነተኛው ምት ይርቃሉ። መድኃኒቱ ኤስ1 የምትባል አንዲት ባይት ናት፤ የምቱን ምንጭ ጥራት ትናገራለች። ቡራዩ በእርሷ አማካይነት ሱሉልታን «ከእኔ አትውሰድ» ይለዋል። ሱሉልታ በክሪስታሉ ይቆያል፤ የጥራቱ መውረድ እስከ ገላን ይሰማል፤ ገላንም ወደ አዲስ አበባ ዞሮ ትክክለኛውን ምት በሌላው አቅጣጫ ይመልሳል።

ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ ላይ 5ጂ ጀምሯል። መላክንና መቀበልን በጊዜ ከፍሎ የሚሠራ የሞባይል አውታር የጋራ ምት ብቻ አይበቃውም፤ የጋራ ቅጽበትም ይሻል፤ ጣቢያዎቹ ከማጣቀሻው ሰዓት ከ1.5 ማይክሮ ሰከንድ በላይ መራቅ የለባቸውም። ይህ ቅጽበት በአብዛኛው ከጂፒኤስ ይገኛል፤ የጂፒኤስ ምልክት ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ በትንሽ መሣሪያ ሊታፈን ይችላል። በውሰት የተገኘ ሰዓት ሲቋረጥ በምድር ላይ ተረካቢ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። የሰዓት ቅደም ተከተል ዕቅድ፣ ማለትም የትኛው ጣቢያ ምቱን ከማን እንደሚወስድ፣ ያ ሲጠፋም ወዴት እንደሚዞር የሚያሳየው ሰነድ፣ የታሪክ ማኅደር ነው። ባለሙያው ጡረታ ሲወጣ አብሮት እንዳይሄድ ጻፉት፤ ቀን ስጡት፤ አሮጌውንም አትጣሉት። መንሸራተት ሲደርስ ከፈጣን መሣሪያ ይልቅ መንገዱን የሚያሳየን ያ ወረቀት ነው።