ዋሽንት

ዋሽንት፦ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ፣ በዘመናችንም ከብረትና ከፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳዎች ያሉት የኢትዮጵያ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ከጥንት ጀምሮ የእረኞች ባልንጀራ ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ይሰጣል።

ድምፁ። ነፋሹ እስትንፋሱን በቱቦው አፍ ጠርዝ ላይ በስልት ሲያሳርፍ በውስጡ ያለው አየር ይርገበገባልና፣ ቱቦው ባጠረ መጠን ድምፁ ይቀጥናል፤ ስለዚህም አዋቂው ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ቅኝቶች የሚስማሙ ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይይዛል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ የአየርላንዱ የቆርቆሮ ዋሽንት ስድስት ቀዳዳዎችና ትንፋሹን በቀጥታ ወደ ስለቱ የሚመራ አፍ ስላለው ለጀማሪ ይቀላል። በአሶሳ አካባቢ የሚኖረው የበርታ ሕዝብ ዋዛ ግን ከቅል የሚሠራ መለከት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነፋሽ የድርሻውን ድምፅ በተራው እያሰማ፣ አንዱ ዜማ በማኅበር ይፈጸማል፤ ይህም የኅብረት ጥበብ ታላቅ ክብር የሚገባው ቅርስ ነው።

ሰማዕያንና እንስሳት። የሰው ጆሮ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርትዝ ባለው ክልል ይበልጥ ንቁ ስለ ሆነ፣ በሜዳ ጣዕም ያለው ቀጭን ድምፅ በጠባብ ቤት ውስጥ ይከብዳል። የሰው መስማት በ20,000 ሄርትዝ ገደማ ሲያበቃ፣ የውሻ እስከ 45,000 ያህል፣ የድመትም ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዋሽንት ሲነፋ ውሻ ጆሮውን አቁሞ ሊያላዝን፣ ድመትም ልትሸሽ ትችላለች። እንስሳው ሲጨነቅ ድምፁን ዝቅ ማድረግና መውጫ መተው ከነፋሹ የሚጠበቅ ርኅራኄ ነው።